«የኢንሹራንስ ፖሊሲያችን 15 ሜትር ይላል፤ እኛ ግን 27 ሜትር ልንወጣ ነው»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 34 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። የምንኖረው ባሕር ጠረፍ ላይ ባለ ከተማ ነው።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር የስካፎልዲንግ (ሕንፃ ሲሠራ ወይም ሲቀባ ሠራተኛ የሚቆምበት የብረት መወጣጫ) ሥራ አለን። ብረቱን እናከራያለን፣ እንተክላለን፣ ሥራው ሲያልቅ ፈትተን እንወስዳለን። ስንጀምር የምንሠራው ቪላና ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነበር። ኢንሹራንስ ስንገባ ቅጹን የሞላው ወንድሜ ነው። «የምትሠሩበት ከፍተኛው ከፍታ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ 15 ሜትር ብሎ ጻፈ። ለዚያን ጊዜ ሥራችን ከበቂ በላይ ነበር። ከዚያ ሥራው አደገ። ዛሬ አምስትና ስድስት ፎቅ ላይ እንተክላለን። በየዓመቱ እድሳት ሲደርስ ግን ወንድሜ «የተለወጠ ነገር የለም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ እኔም እፈርማለሁ። አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ከፍታውን ብንጨምር ለኢንሹራንሱ የምንከፍለው አረቦን ሰማይ ይነካል፤ ደግሞ ማን ሜትር ይዞ ይመጣል?» አለኝ። ተሳሳቅንና አለፈ።

ከሁለት ወር በፊት ባሕሩ ፊት ለፊት ባለ ሕንፃ ላይ ተክለን አስረከብን። ቀለም ቀቢዎቹ ቀለሙ በነፋስ እንዳይረጭ ብለው ብረቱ ላይ ሸራ አሰሩበት። እኛን አልጠየቁም። በሦስተኛው ሌሊት ነፋስ ተነሳ። ሁለት ጣውላ ተነቅሎ የቆመ መኪና ላይ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልነበረም። ወንድሜ ኢንሹራንሱ እንዳይሰማ ብሎ በዚያው ቀን ይቅርታ ጠይቆ ከኪሳችን ከፈለ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ እንቅልፍ አይወስደኝም። ተነስቼ መኪና አስነስቼ ወደ ሳይት እሄዳለሁ።

አሁን እስከዛሬ ካገኘነው ሁሉ ትልቁ ሥራ መጣ። ባሕሩ ዳር ላይ ያለ ባለ ስምንት ፎቅ ሆቴል ነው፤ ወደ 27 ሜትር ይሆናል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ኮንትራክተሩ የኢንሹራንስ ሰርቲፊኬት አምጡ ብሏል። ወንድሜ «ሰርቲፊኬቱ ላይ ከፍታ አይጻፍም፤ ስጠውና ሥራችንን እንሥራ» ይላል። እኔ ለኢንሹራንሱ እንንገር ስለው «እኔን ልታጋልጠኝ ነው?» አለኝ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝና ያስተማረኝ እሱ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ተለያዩና የየራሳችሁን ሥሩ» ትለኛለች። ትናንት ለኢንሹራንስ ደላላችን ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳያነሳ ዘጋሁት። ብናገር ወንድሜን የከዳሁት ይመስለኛል። ዝም ብል ደግሞ ከላይ የሚወጡት ልጆች ፊት ይመጣብኛል። ምን ላድርግ?

ነፋስ ሲነሳ የማይተኛው

መልስ

ወንድሜ፣ ዕድሜህ ከታናሽ ወንድሜ ስለማይርቅ አንተ ብልህ አትቀየመኝም ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ጊዜ ስመለስበት ያቆመኝ ከፍታው አይደለም። ሌሊት ተነስተህ ወደ ሳይት የምትሄደው ነገር ነው። እዚያ ደርሰህ ምን ታደርጋለህ? በጨለማ ክላምፕ (ቱቦን ከቱቦ የሚያያይዘውን ማሰሪያ ብረት) አታጠብቅም። ከታች ቆመህ ታየዋለህ፣ ሲያቃጭል ትሰማለህ፣ ይነጋል። በሥራህ ኢንሹራንሱ ሊይዝልህ ከሚገባው ሸክም ግማሹን አንተ በእንቅልፍህ እየከፈልክ ነው። ስለዚህ ጥያቄህን «ወንድሜን ልክዳ ወይስ ልታመን» ብለህ ባትይዘው እወዳለሁ። ጥያቄው እንደዚያ ከተያዘ መልስ የለውም።

ወደዚህ ዓምድ ከመምጣቴ በፊት ጥቂት ዓመታት በአንድ መድን ድርጅት የካሳ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። በግልጽ የዋሸ ሰው ፋይል ብዙ አላጋጠመኝም። የሚበዛው እንደ እናንተ ያለው ነው። ሲጀምር እውነቱን ጽፏል፤ ሥራው አደገ፤ ቅጹ ግን ባለበት ቀረ። «የተለወጠ ነገር የለም» የምትለዋ ትንሽ ሳጥን ስንቱን ጉድ እንደሠራች አልነግርህም። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ላታልል ብሎ አይደለም ምልክት የሚያደርግባት። ቸኩሎ ነው፣ ሰልችቶት ነው፣ አረቦኑን ፈርቶ ነው።

ይህን የምልህ ላጽናናህ ብቻ አይደለም። በሕግ ዓይንም ልዩነት አለው። የእንግሊዝን እ.ኤ.አ. የ2015 የኢንሹራንስ ሕግ ብትወስድ፣ ሰውየው አውቆ ወይም ግድ ሳይሰጠው አሳሳች መረጃ ከሰጠ መድን ሰጪው ውሉን እንዳልነበረ ሊቆጥረው፣ የተከፈለውንም አረቦን ላይመልስ ይችላል። አውቆ ካልሆነና መድን ሰጪው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ አረቦኑን ብቻ ጨምሮ ይቀበለው ከነበረ ግን ካሳው በዚያው ልክ ይቀንሳል። መክፈል ከነበረብህ አረቦን ግማሹን ብቻ ከፍለህ ከነበረ ካሳውም ግማሽ ይሆናል ማለት ነው። የአንተ አገር ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላልና ደላላህን ወይም ጠበቃ ጠይቅ። ሐሳቡ ግን በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው፤ ያላወቀና ያወቀ እኩል አይታዩም። መጀመሪያ አካባቢ ስታድሱ ነገሩን ሳታስቡበት አልፋችሁት ይሆናል። ወንድምህን ከጠየቅከው ወዲህ ግን አስባችሁበታል። ለእኔ በ15 ሜትሩና በ27 ሜትሩ መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ ይህኛው ይከብዳል።

አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርህ፣ ስለወደድኩት ነው። ሱማትራ ደሴት ላይ፣ ባሕር ጠረፍ፣ አንድ የእንግሊዝ ምሽግ ነበር። አስተዳዳሪው ካርተር የሚባል ሰው ነው። ምሽጉ በጠላት እጅ ቢወድቅ ብሎ ለንደን ውስጥ ኢንሹራንስ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ1760 ፈረንሳዮች መጥተው ምሽጉን ያዙት። መድን ሰጪው «ምሽጉ ደካማ መሆኑን ደብቀኸኛል» ብሎ አልከፍልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1766 ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ ናቸው። በመድን ውል ሁለቱም ወገኖች በቅን ልቦና መነጋገር አለባቸው አሉ፤ አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀውን ነገር ከሌላው መደበቅ የለበትም። ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ያሸነፈው ግን ካርተር ነው! መድን ሰጪው ራሱ የሚያውቀውን ወይም ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ካርተር የግድ መንገር የለበትም ተባለ።

ወደ አንተ ላምጣው። ከተማችሁ ነፋሻ መሆኑን ለመድን ሰጪው ማስረዳት አይጠበቅብህም፤ ካርታ አይቶ ያውቀዋል። ስምንት ፎቅ ልትወጣ መሆኑን ግን ከአንተና ከወንድምህ በቀር የሚነግረው የለም።

አሁን ወደ ፖሊሲው እንግባ፤ ቀዳዳው አንድ ብቻ አይደለምና።

ወንድምህ ምናልባት ከፍታውን እንደ አንድ ተራ የቅጽ ጥያቄ ነው የሚያየው። በብዙ የስካፎልዲንግ ፖሊሲዎች ግን ከፍታ ራሱ የሽፋኑ ወሰን ነው። «ከ15 ሜትር በላይ የሚሠራ ሥራ አይሸፈንም» ብሎ በውሉ ገጽ ላይ ከተጻፈ፣ በ20ኛው ሜትር ላይ ለሚደርስ አደጋ ቅንነትህም ጥፋትህም አይጠየቅም። ሽፋን የለም፤ አለቀ። ሁለተኛው ቀዳዳ ደግሞ በእድሳቱ ላይ የሰጣችሁት መልስ ነው። እሱ ከተነሳ ከ15 ሜትር በታች ያለውንም ሥራ ያናጋል። ወንድምህ «አረቦን አዳንን» የሚለው ሒሳብ ይህንን አልደመረም። እናንተ የከፈላችሁት አረቦን ቀላል አይደለም፤ በከንቱ የሚቀረውም እሱ ነው።

ሆቴሉ ባሕሩ ዳር ላይ ነው ብለሃል። ምን ያህል ዳር ነው? ይህን የምጠይቅህ ለወሬ አይደለም። ብዙ ፖሊሲዎች በወደብ ግቢ ውስጥ፣ በመርከብ ላይ፣ ወይም ከውኃ በላይ በተዘረጋ ነገር ላይ የሚሠራ ሥራን ከሽፋን ያወጣሉ። ሕንፃው ከውኃው ራቅ ብሎ ከቆመ ችግር የለም። በረንዳው ውኃው ላይ ከተዘረጋና የብረቱ እግር መርከብ የሚታሰርበት ግንብ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን ይህንንም ከከፍታው ጋር አብረህ ንገራቸው። ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ያድንሃል።

ዝገትም አለ። የባሕር ጨው ብረት እንደሚበላ ለአንተ አልነግርህም፤ ክላምፕ ስትፈታ በእጅህ ታውቀዋለህ። ብዙ ባለ ሥራዎች የማያውቁት መድን ዝገትን እንደማይከፍል ነው። ቀስ በቀስ የመጣ ጉዳት፣ እርጅናና ዝገት በአብዛኛው ፖሊሲ ከሽፋን ውጪ ነው። ስለዚህ አንድ ቱቦ ሲሰበር የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ነፋሱ ነው የሰበረው ወይስ ዝገቱ?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው መዝገብ ነው። የትኛውን ብረት መቼ አያችሁት፣ የትኛውን ጣላችሁት፣ ዚንክ የተቀባው ክፍል መቼ ተላጠ። መዝገብ አላችሁ? ካልነበራችሁ ዛሬ ጀምሩ። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል።

ስለ ጣውላዎቹ ያጫወትከኝን ሳነብ ግን ብዕሬን አስቀመጥኩ። ለምን ከፈላችሁ?

ነገሩን እንደገና አስበው። ተክላችሁ አስረክባችኋል። ያለ ሸራ ነው ያስረከባችሁት። ሸራውን ያሰሩት ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው፤ አልጠየቋችሁም። ባዶ ብረት ነፋስን ያሳልፋል። ሸራ ሲለብስ ግን የመርከብ ሸራ ሆነ ማለት ነው። ሒሳቡን ላሳይህ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 25 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። ሸራው አሥር በአሥር ከነበረ ያ ሁለት ቶን ተኩል ገደማ ነው፤ ቀድሞ ያልነበረ ሁለት ቶን ተኩል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ከግድግዳው ጋር የሚያስሩትን ማሰሪያዎች ስታስቀምጡ የቆጠራችሁት ይህን አልነበረም። ስለዚህ ያ ጉዳት የእናንተ ኃላፊነት ላይሆን ይችል ነበር። ወይም በከፊል ብቻ የእናንተ ይሆን ነበር። ወንድምህ ፈርቶ ይቅርታ ጠየቀና ከፈለ፤ ጥፋቱም የእናንተ ሆኖ ቀረ። መደበቁ አንድ ጊዜ ያስከፈላችሁ እዚህ ላይ ነው። ፖሊሲውን ስታነብ «ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ኃላፊነትን ማመን ወይም ክፍያ መፈጸም ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ ፈልግ። ሳይኖር አይቀርም። «ማንኛውም አደጋ ወዲያው ይነገር» የሚልም አለ። ሁለት ወር ዘግይቷል፤ ቢሆንም አሁን መንገር ከነጭራሹ አለመንገር በብዙ ይሻላል።

በነገራችን ላይ «ማስረከቢያ ወረቀት ነበራችሁ?» ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ ደብዳቤህ ውስጥ ስለሌለ እንዳልነበረ ገመትኩ። የተተከለበት ቀን፣ የሚሸከመው ክብደት፣ ሸራ ወይም መረብ እንዳልታሰበለት፣ ማሰሪያ መፍታት ክልክል መሆኑ ተጽፎ ተረካቢው የሚፈርምበት አንድ ገጽ። በስልክህ ከአራቱም በኩል ፎቶ አንሳ። ያ ወረቀት ከኢንሹራንሱ የማይተናነስ ጋሻ ነው። ሆቴሉ ላይ ቀለም ቀቢ አይጠፋም፤ ሸራ የሚያምረውም አይጠፋም።

አሁን ከላይ ስለሚወጡት ልጆች። «ፊታቸው ይመጣብኛል» ብለህ አልፈኸው ሄድክ። እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጆቹ ቋሚ ናቸው ወይስ በቀን የምትቀጥሯቸው? በሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ስም የገባችሁት መድን የሚሸፍነው መንገደኛን፣ የጎረቤትን መኪና፣ የሆቴሉን መስተዋት ነው። የራሳችሁን ሠራተኛ አይሸፍንም። ለሠራተኛ ሌላ ሽፋን አለ፤ በብዙ አገር በሕግ ግዴታ ነው። «እነሱ የቀን ሠራተኛ ናቸው፣ ሰብ ኮንትራክተር በላቸው» የሚል ሰው ያጋጥምሃል። ብረቱ የአንተ ከሆነ፣ ትእዛዙ የአንተ ከሆነ፣ ጉልበት ብቻ ይዘው የሚመጡ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ መድኑም ሕጉም እንደ ሠራተኞችህ ነው የሚያያቸው። ስማቸውንና ቁጥራቸውን ሳትነግር ከቆየህ እዚያም ክፍተት አለ ማለት ነው። መኪና ከኪስ ይከፈላል። ከ27 ሜትር የወደቀ ልጅ ከኪስ አይከፈልም። ይህን ስል ላስፈራራህ አይደለም፤ ሌሊት መኪና አስነስተህ የምትወጣው ለመኪና እንዳልሆነ ስለገባኝ ነው።

የራሳችሁ ብረትና ጣውላም እንዲሁ ለብቻው ነው የሚሸፈነው። በጭነት መኪና ላይ ሳለ፣ ሳይት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ተደርድሮ ሳለ። ሦስቱም በአንድ ፖሊሲ መኖራቸውን ብቻ አረጋግጥ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በነበራችሁ ብዛት ተመዝግቦ ከሆነም ቁጥሩን አስተካክል። ግማሹን ብቻ ካስመዘገብክ በብዙ ውል የሚከፈልህም ከጉዳቱ ግማሹ ነው።

እሺ፣ ወንድምህ። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ይሄ ነው።

«እኔን ልታጋልጠኝ ነው?» ብሎ ሲልህ ምን የፈራ ይመስልሃል? መከሰስን? ሥራው ከእጁ መውጣቱን? ወይስ ያሳደገው ታናሽ ወንድሙ ፊት ጥፋተኛ ሆኖ መታየትን? እንደ እኔ እንደ እኔ ሦስተኛው ይመስለኛል፤ ግን እኔ አላውቀውም፣ አንተ ታውቀዋለህ። ፍርሃቱ ያ ከሆነ «አንተ ነህ ያጠፋኸው» ብለህ ከጀመርክ በሩ ይዘጋል። እውነቱ ደግሞ እንደዚያ አይደለም። ቅጹን እሱ ሞላ፤ ፊርማው ግን የአንተም ነው። ስለዚህ «ሁለታችንም ፈርመናል፤ ሁለታችንም እናስተካክለው» ብለህ ግባ። እኔ ስሜቴን ልነግርህ፣ በዚህ ጉዳይ ወንድምህን የምትከዳው ስትናገር ሳይሆን ዝም ስትል ነው። እሱም ፈርሟል። አደጋ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ሜትር ይዞ ይመጣል?» ያለው ሰው ነው። መልሱንም ታውቀዋለህ፤ አደጋ ሲደርስ ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ሥራው ነው፤ ሲደርስም የመጀመሪያው ጥያቄው ከፍታው ነው።

ሳይት ላይ አታነጋግረው። ሠራተኛ ባለበት ታላቅ ወንድም እጅ አይሰጥም። ከሥራ ውጭ፣ ለብቻችሁ፣ ፖሊሲውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ተነጋገሩ። ከዚያ በፊት ግን ብቻህን አንብበው። የከፍታውን መስመር፣ አደጋ የማሳወቂያውን አንቀጽ፣ «አይሸፈንም» የሚለውን ገጽ በእርሳስ አስምርባቸው። ሐሳብ ብቻ ይዘህ ከሄድክ ክርክር ይሆናል፤ ወረቀት ይዘህ ከሄድክ አብራችሁ ታነባላችሁ። ተበሳጭቶ ቢነሳ ተወው፤ በማግስቱ ተመለስበት። ሦስት ሳምንት አለህ፤ ሁለቱን ቀን ለእሱ ስጠው።

ከዚያ ደላላው። ሦስት ጊዜ ሳያነሳ መዝጋትህ ምን ያህል እንደከበደህ ያሳያል፤ ቢሆንም ስልኩ ሲነሳ የምትፈራውን ያህል አይሆንም። ደላሎች እንዲህ ያለውን በየሳምንቱ ይሰማሉ። ከወንድምህ ጋር ሆነህ ደውል፤ በድምፅ ማጉያ። እንዲህ በለው፦ «ስንጀምር 15 ሜትር ሞልተን ነበር። ሥራችን አድጓል። አምስትና ስድስት ፎቅ ሠርተናል፤ እድሳት ላይ አልነገርናችሁም። አሁን ደግሞ ባለ ስምንት ፎቅ ሥራ መጥቷል። ከሁለት ወር በፊትም የጣውላ አደጋ ነበረን። ማስተካከል እንፈልጋለን።» ያን ያህል ነው። ምክንያት አታብዛ። ምን መላክ እንዳለባችሁ እሱ ይነግራችኋል፤ ብዙውን ጊዜ የሆቴሉ ንድፍ፣ የማሰሪያ አቀማመጡ፣ የሠራተኞቹ ቁጥርና ልምድ፣ የቁጥጥር መዝገቡ ነው። በውሉ መካከል ማሻሻያ ማስገባት የተለመደ ነገር ነው።

አረቦኑ ይጨምራል። አልዋሽህም። ግን ለሆቴሉ የሰጣችሁት ዋጋ ውስጥ አስገቡት። ባለ ስምንት ፎቅ ሥራን በባለ ሁለት ፎቅ ኢንሹራንስ ሒሳብ ተምናችሁት ከሆነ ዋጋው ራሱ ስህተት ነው። ኮንትራክተሩም ያልተሸፈነ ስካፎልዲንግ ሕንፃው ላይ ተተክሎ ማየት አይፈልግም፤ ሰርቲፊኬት የጠየቀው ለዚህ ነው።

ከፍታ የሌለበትን ሰርቲፊኬት ስለ መስጠት፣ ይህን አታድርግ። ይህንን በጨዋ ቋንቋ ማዞር አልችልም። እስካሁን ያለው ስንፍና ነበር ሊባል ይችላል፤ ይኼ ግን አይባልም።

መድን ሰጪው «27 ሜትር አልሸፍንም» ቢልስ? ሊል ይችላል። ያኔ ደላላው ሌላ ጋ ይሞክር፤ ለስካፎልዲንግ ብቻ የሚሠሩ ልዩ ውሎች አሉ። ሦስት ሳምንቱ ካልበቃ ለኮንትራክተሩ ቀኑን አራዝምልኝ በለው። ወይም የታችኛውን ክፍል እናንተ ተክላችሁ የላይኛውን ሽፋን ላለው ሌላ ድርጅት በሰብ ኮንትራክት መስጠት ይቻላል፤ የእሱን ሰርቲፊኬት በዓይንህ አይተህ፣ ከፍታው የተጻፈበትን ገጽ ጭምር። ይህም ካልሆነ ሥራው ይለፋችሁ። ያማል፣ አውቃለሁ። ትልቁ ሥራ ነው።

የባለቤትህን ሐሳብ አልረሳሁትም። ተለያዩ ያለችው ወንድምህን ጠልታው አይመስለኝም። ሌሊት ከጎኗ ስትነሳ እያየችህ ነው። አሁን መለያየት ግን ጉዳዩን አይፈታውም፤ ለሁለታችሁም አንድ አንድ ያልተስተካከለ ፖሊሲ ይሰጣችኋል እንጂ። ይህ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ስለ ሽርክናው ብትነጋገሩ ይሻላል። ለምሳሌ ካሁን በኋላ የኢንሹራንሱን ቅጽ አንተ ብትሞላ፣ እሱ ቢያነበውና አብራችሁ ብትፈርሙ ምን ይላል? እሱ ሰው አግባቢ ነው፣ ገምቼ ነው፤ አንተ ደግሞ ወረቀት የምትፈራ ግን የምታነብ ሰው ነህ።

ለሌሊቱም አንድ ነገር ልስጥህ። ከነፋስ በኋላ ማየት ጥሩ ነው፣ በጨለማ ሳይሆን በጠዋት። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የከፍታ ሥራ ደንብ ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ሰው ሊወድቅበት የሚችል የሥራ መድረክ ቢያንስ በየ7 ቀኑ እንዲፈተሽ ያዛል፤ ጽናቱን ሊያናጋ የሚችል ነገር፣ ለምሳሌ ከባድ ነፋስ፣ ካለፈም በኋላ እንደገና ይታያል። የአሜሪካው ደንብ በየፈረቃው መጀመሪያ ይታይ ይላል። እናንተም ከነፋስ በኋላ ማንም ሳይወጣ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ማሰሪያውን፣ ክላምፑን፣ ጣውላውን፣ ማን ምን ሸራ እንዳሰረ አይቶ በደብተሩ ላይ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርም። ሌሊት ያለው ትንበያም አስቀድሞ ይታወቃል፤ ከባድ ነፋስ ከተባለ ማታ ሥራ ሲያበቃ የላላውን ጣውላ አስራችሁ፣ ሸራ ካለ አውርዳችሁ ሂዱ። ያኔ ሌሊት ቤትህ ሆነህ የምታስበው የማታውቀውን ሳይሆን የተፈተሸውን ነው። መጀመሪያ አካባቢ ትነቃለህ። አንድ ሁለት ሌሊት ሄደህም ታየው ይሆናል፤ አትፍረድበት ራስህ ላይ።

ወንድምህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማህ ምን እንዳለ ጻፍልኝ። ከደላላው ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ በስልክ «ችግር የለም፣ ሥሩ» ቢላችሁ አትቀበሉ። «በጽሑፍ ላክልን» በሉት። አዲሱ ከፍታ፣ የሆቴሉ አድራሻና ሽፋኑ የሚጀምርበት ቀን ያለበት ወረቀት እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ከ15 ሜትር በላይ አንድ ቱቦ አትስቀሉ።